ካቢን ውስጥ ያጠረኝ ትንፋሽ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5
ነፋስ ስለነበር የምነዳው ክሬን እስከ እኩለ ቀን ቆመ። ካቢን ውስጥ ተቀምጬ ጠበቅሁ። መሰላሉን ማን ይመላለሰዋል? ውሃም አልጠጣሁም፤ ሽንት ቤቱ ያለው ምድር ላይ ነው። ፉጨት የምንለው ምልክት ሰጪ በሬዲዮ ሲያሾፍብኝ ዋለ። "የላይ ቤቷ፣ ኪራይ ስንት ነው እዛ?" ከታች ሆኖ ዓይኔ እሱ ነው፤ ግራ ሲለኝ ግራ፣ አውርጂ ሲለኝ አወርዳለሁ። ራሱ ግን ወንበር ላይ ቆሞ አምፖል መቀየር ይፈራል።
የመሥሪያ ቤቱ ዓመታዊ ምርመራ ውጤት መጥቷል። ደግመሽ ነይ ተብያለሁ። ደም ማነስ ይሆናል...

ዓርብ፣ ጥቅምት 15
ደም ማነስ አይደለም።
ሐኪሟ ቀስ ብላ ነው የነገረችኝ። ደሜ ውስጥ መኖር የሌለበት ፕሮቲን አለ። "ካንሰር አይደለም" አለች። "አንዳንድ ሰው ላይ ግን ቆይቶ ወደዚያ ሊሄድ ይችላል። አብዛኛው ሰው ምንም ሳይሆን ነው ዕድሜውን የሚጨርሰው። እየተከታተልን እናያለን።" ከዚያ በኋላም ብዙ ተናገረች። ስለ እግር፣ ስለ መቀመጥ፣ ደም ስለ መርጋት... ራሴን ነቀነቅሁ እንጂ አልሰማኋትም። ጆሮዬ አንዷ ቃል ላይ ቀርቷል።
ለልጄ "ደም ማነስ ነው" አልኳት። ለፎርማኑ ምንም አልነገርኩም። እንዲህ ያለባትን ሴት ማን ከሰው አናት በላይ ብረት ያስነሣታል?

እሑድ፣ ጥቅምት 24
ወገቤን አመመኝ። እሱ ይሆን? ገላዬን ስታጠብ አጥንቴን አንድ በአንድ ስዳብስ ቆየሁ። ምን እንደምፈልግ እንኳ አላውቅም። ልጄ በሩን አንኳኳች። "እማ፣ ሰመጥሽ እንዴ?" ሳቅሁ። ሳቄ ለራሴም ደስ አላለኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4
ግራ ባቴን ይወጋኛል። መሰላሉ ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 6
ግራው ጫማ እምቢ አለ። ባቴ ከቀኙ ወፍሯል፤ ስነካው ይሞቃል። ፎጣ ነክሬ አሰርኩበት። ልጄ አየችብኝ። "ሐኪም ቤት ሂጂ እንጂ!"
"ለእግር ነው ሐኪም ቤት?"
እኔ የምፈራው ሌላ ነው። እግርማ ያልፍለታል...

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10
ሐኪም ቤት ተኝቻለሁ። እጄ ላይ መርፌ ስላለ ጽሕፈቴ ጠማማ ነው።
ትናንት ጠዋት መሰላሉ አልገፋ አለኝ። መሃል ላይ ቆሜ፣ አርፌ፣ እንደ ምንም ወጣሁ። ፌሮ አንስቼ ክሬኑን እያዞርኩ ሳለ ደረቴን ወጋኝ። አየር ስስብ ይወጋል። ልቤ እንደሚባረር ሰው ይሮጣል። ፌሮው ተንጠልጥሏል፤ ከሥሩ ደግሞ ኮንክሪት የሚያፈሱ ሰዎች። ዓይኔ ጭልም አለ።
"ፉጨት... ሰዎቹን አስነሣ።"
"ምነው? ምን ሆንሽ?"
"አስነሣልኝ አልኩህ!"
አልቀለደም። ጩኸቱ ያለ ሬዲዮም ተሰማኝ። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሰ። "ወደ ግራ... ትንሽ... በቃ። አሁን አውርጂ... አይዞሽ፣ አውርጂ... እሰይ! ነካ!"
ሞተሩን አጥፍቼ ወለሉ ላይ ተዘረፈጥኩ። እዚሁ ልሞት ነው አልኩ። መስታወት ሳጥን ውስጥ፣ ሁሉም አንጋጦ እያየኝ፣ ማንም ሳይደርስልኝ... ልጄ ደም ማነስ እንደመሰላት።
በሬዲዮ ማለክለክ ሰማሁ።
"እየመጣሁ ነው... ዝም በይ ብቻ... ካናገርሽኝ ወደ ታች አያለሁ።"
ፉጨት! ሲገባ ፊቱ አመድ መስሏል። ወገቤ ላይ ቀበቶ አሰረልኝ። ከሥሬ ሆኖ እግሬን በእጁ እየያዘ መሰላሉ ላይ ያስቀምጥልኛል። "ይሄ ገባ። አሁን ሌላኛው። እኔ ካልወደቅሁ አንቺ የት ትወድቂያለሽ?" ምድር ስንደርስ እኔን መኪና ውስጥ አስገቡኝ። እሱ አፈሩ ላይ ተቀምጦ ሲያስመልሰው አየሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12
ሐኪሟ መጣች። "እግርሽ ላይ የረጋው ደም ተቆርጦ ሳንባሽ ገብቷል። ነግሬሽ ነበር እኮ፤ ይህ ፕሮቲን ያለባቸው ሰዎች ደማቸው የመርጋት ዕድሉ ከሌላው ሰው ከፍ ይላል። አንቺ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሳትነቃነቂ፣ ውሃ ሳትጠጪ..."
ነግራኛለች። እኔ በዚያ በኩል ስጠብቀው በዚህ በኩል መጣ።
ልጄ አልጋው ጫፍ ላይ ሆና ሁሉንም ሰማች። ሐኪሟ ስትወጣ "ደም ማነስ?" አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ፣ ኅዳር 20
ቤት ገባሁ። ደም ማቅጠኛ እውጣለሁ። አሁን ደግሞ ቢላዋ ያስፈራኛል። ጥርሴን ስቦርሽ ደም ካየሁ እስኪቆም መስታወት ፊት እቆያለሁ። ቢረጋ ሞት፣ ቢፈስ ሞት... ባሳለኝ ቁጥር ልጄ ከወዲያኛው ክፍል "እማ?" ትላለች።
"አለሁ" እላለሁ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12
ለክትትል ከልጄ ጋር ሄድን። ኮሪደሩ ላይ "ፈርተሻል?" አለችኝ።
"በጣም።"
እጄን ያዘችኝ። እጇ ከእኔ እጅ ይበልጥ ይቀዘቅዛል።
ሳንባዬ ጠርቷል። ፕሮቲኑ ግን እዛው ነው፤ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። "አይጠፋም?" አልኳት ሐኪሟን። "አይጠፋም። እንጠብቀዋለን እንጂ።" መድኃኒቱ ይቀጥላል። ክሬን ላይ መውጣት ቀርቷል፤ ለፎርማኑ እውነቱን ነገርኩት፣ ከፉጨት ጎን ምድር ላይ አቆመኝ።
ስንመለስ ከአስፋልቱ ማዶ የሌላ ሳይት ክሬን ሲሠራ አየን። ቆምኩ። ካቢን ውስጥ ያለው ሰው ከታች ሲታይ ጥቁር ነጥብ ነው። ልጄ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ።
"ናፈቀሽ?"
"አይ" አልኳት። "ፈራሁለት።"