የግላስጎው መርዶ

ሲያትል፣ ማክሰኞ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2003 ዓ.ም.

ትናንት ከስኮትላንድ ተመለስኩ። ግላስጎው የተማርኩበት ከተማ ነው፤ አሁን የሄድኩት ግን አራት ዓመት በቻት ሩም ብቻ የማውቃቸውን፣ ማታ ማታ በታሪክ መጻሕፍት ሰበብ የምጣላቸውን ጋሽ ተፈራን በአካል ለማየት ነበር።

በር የከፈቱልኝ ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ ናቸው። ሳሎን ውስጥ የቻት ሩማችን ሦስት ወዳጆች ተደርድረው ተቀምጠዋል። ለእኔ የተደረገ አቀባበል መስሎኝ ኮራ አልኩ።

«ቁጭ በል፣ ወንድሜ» አለኝ አንዱ። «ጋሽ ተፈራ ካረፉ አራት ወራቸው።»

«ባለፈው ሳምንት እኮ አውርተናል!»

እትዬ አልማዝ አንገታቸውን ደፉ። «የምጽፍልህ እኔ ነበርኩ፣ ልጄ። ብቻህን ነህ፤ ስታለቅስ የሚይዝህ የለም። መርዶ እንዴት በኮምፒውተር ይነገራል? እመጣለሁ ስትል ጠበቅንህ።»

እዚያው አለቀስኩ፤ ሦስቱም ያዙኝ።

ነገሩ የገባኝ አውሮፕላን ላይ ነው። ጋሽ ተፈራ አራት ወር ሙሉ አንዴም «ደንቆሮ» አላሉኝም። ጭራሽ «በልተሃል?» ማለት ጀምረው ነበር። እኔ ደግሞ እርጅና አለዘባቸው ብዬ ነበር።

ዛሬ ከሥራ መልስ ኮሎምቢያ ሲቲ ሰፈር ያለው ቤቴ ገብቼ ኮምፒውተሩን ስከፍት፣ በስማቸው አጠገብ አረንጓዴው መብራት በርቷል። «በሰላም ገባህ? በልተሃል?» ይላል።

«ገባሁ፣ ጋሼ» ብዬ ጻፍኩና አጠፋሁት። «እትዬ» ብዬ ጀመርኩ። እሱንም አጠፋሁት። እንደዚያ ከጻፍኩ ጋሼ እዚህም አረፉ ማለት ነው፤ በኮምፒውተር መርዶ የምነግራቸው እኔ ልሆን ነው።

መብራቱ አሁንም እንደበራ ነው።