የእማዬ የፊት ጥርስ

ጥቅምት 3
ዛሬ ዘጠኝ ሰው። ሦስቱ ያው ቅሬታ... «ዶክተር፣ የሞላሽልኝ ጥርስ ቢጫ ሆነ።» እኔም ያው መልስ። «ሻይ ያበዛሉ?» ሻይ የማይጠጣ ማን አለ? ጥፋቱ የራሱ መስሎት አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። አለቃዬ ያስተማረኝ መልስ ነው።

ጥቅምት 5
እማዬ ጋ ሄድኩ። አክስቴም ነበረች። ድሮ ሁለቱ ሲገናኙ ሻይ በሻይ፣ ሳቅ በሳቅ ነበሩ። አሁን አክስቴ ሻይዋን፣ እማዬ ሙቅ ውኃዋን። «ልጄ ከልክላኛለች» ትላለች፣ ያውም በኩራት። ስምንት ወር! የፊት ጥርሷን የሞላሁላት እኔ፣ ሲበልዝ «ሻይ ነው» ያልኳት እኔ። ታዲያ ካቆመች ለምን ባሰበት?
አክስቴ አንድ ወሬ አምጥታ እማዬን አሳቀቻት። እጇ አፏ ላይ። እንዲህ አትስቅም ነበር።

ጥቅምት 8
ጥርስ ከምንሞላበት ሙሌት አራት ቁራጭ ሠራሁ፣ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያካክሉ። ሁለቱን ሙሌት በምናደርቅበት በኛ ክሊኒክ መብራት አደረቅኩ። ሁለቱን አብራኝ የተማረችው ጓደኛዬ ክሊኒክ ወስጄ በሷ አዲስ መብራት። ከየሁለቱ አንዱን ሻይ ውስጥ፣ አንዱን ንጹህ ውኃ ውስጥ ከተትኩ። አራት ብርጭቆ፣ ቁም ሳጥኔ ውስጥ።

ጥቅምት 20
ምንም አይታይም። ሻዩን ቀየርኩ። ውኃውንም።

ኅዳር 9
ሻይ ውስጥ የነበሩት ሁለቱም ቀለም ይዘዋል። የኛው ብሷል። ውኃ ውስጥ... የጓደኛዬ እንደነበረ ነው። የኛው ቢጫ። በንጹህ ውኃ!
በደንብ ያልደረቀ ሙሌት ከውስጡ ይበልዛል። ይሄን ተምሬ ተፈትኜበታለሁ። የመብራቱን ጉልበት ግን አንድ ቀን ለክቼ አላውቅም።

ኅዳር 10
ለአለቃዬ አሳየሁት። ቁራጯን በጥፍሩ ገፋ አደረጋት።
«መብራቱ መድከሙን አውቃለሁ።»
ያውቃል!
«ታዲያ ዶክተር፣ ለሰዎቹ ምን እንበላቸው?»
«እስከ ዛሬ ያልሽውን። ሻይ እንደሆነ አይከስሽም።» ሳቀ። የራሱን የፊት ጥርስ ያስሞላው ሌላ ክሊኒክ ነው፤ ወተት የመሰለ። ግን ከሱ በምን እሻላለሁ? እሱ እያወቀ፣ እኔ ሳልጠይቅ።

ኅዳር 14
እማዬን ጓደኛዬ ክሊኒክ ወሰድኳት። አሮጌውን አውጥቼ እንደገና ሞላሁ። ጥርስ ሲደርቅ ስለሚነጣ፣ ሳይደርቅ የሙሌቱን ቀለም መረጥኩ፣ ሳልቸኩል አለሰለስኩ። አሁን የቱ የሷ፣ የቱ የኔ እንደሆነ አይለይም።
ከዚያ ነገርኳት። «ሻዩ አይደለም እማዬ። የኔ ጥፋት ነው።»
ያቀበልኳትን መስታወት መለሰችልኝ። «ይሁን፣ ምን ታደርጊ» አለች። ምናለ ብትቆጣኝ!

ኅዳር 22
«ቢጫ ሆነ» ላሉኝ ሁለት ሰዎች እውነቱን ነገርኳቸው። ከምሳ በኋላ አለቃዬ ጠርቶ ዕቃሽን ሰብስቢ አለኝ። ሰበሰብኩ።
በቀጥታ እማዬ ጋ፤ አክስቴም ነበረች። ሻይ ራሴ አፈላሁላት። ሁለቴ ፉት አለችና ብርጭቆውን ወደ አክስቴ ገፋችው። «አልጣመኝም... ውኃውን ለምጄዋለሁ መሰለኝ።»
አለቃዬን እያስመሰልኩ አወራኋቸው፣ በጥፍሩ ሲገፋ፣ «ሻይ አይከስሽም» ሲል። አክስቴ በሳቅ ፍርስ አለች። እማዬም እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች... እጇ አፏ ላይ።
«እማዬ፣ ጥርስሽ እኮ ተስተካክሏል።»
«አውቃለሁ» አለች፣ እጇን ሳታወርድ።