ያጠብከው አጥንት

ሰይድዬ፣

የወለቃ ወንዝ ከወሰደህ ሁለተኛው ክረምት አለፈ። ከከላላ ገበያ ስትመለስ ማዶ የነበሩት ሰዎች «ሞልቷል፣ ተመለስ!» ብለው እንደጮኹልህ ነግረውኛል። በቅሎዋ ወጣች፤ አንተ አልወጣህም። ወንዙ ሲጎድል ጎረቤቱ ሁሉ ዳር ዳሩን ሲፈልግ ሰነበተ። አንድ ጫማ ተገኘ፤ ያንተ አልነበረም። መስጊድ ውስጥ አስከሬንህ በሌለበት ሰገዱብህ።

ቤቱ እንደነበረ ነው ብዬ አልዋሽህም። በቅሎዋን ሸጥኳት፤ ላያት አልቻልኩም። ልጃችን ከድጃ ትምህርቷን አቋርጣ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች። እኔ እዚሁ መካነ ሰላም ሳይንስ አስተምራለሁ። የእናትህ ዓይን ጨርሶ ጠፍቷል። ከለቅሶው ወዲህ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቀብሩ የት ነው? «ቀብር የሌለው ሰው አሁንም መንገድ ላይ ነው» ይላሉ። ለማታው እራት ያንተን ድርሻ አስቀምጪ የሚሉኝ ቀን አለ። አስቀምጣለሁ፤ ጠዋት ለውሻው እሰጠዋለሁ።

የምጽፍልህ ግን ስለዚያ አጥንት ነው።

ጓደኛህ ጌታቸውና አንተ ለመንገዱ ሥራ ድንጋይ ስትፈልጡ፣ ገደሉ ሥር ዋሻ ተከፍቶ የሰው አጽም የወጣ ጊዜ ታስታውሳለህ። አጠገቡ የላም አጥንት ነበር። የአደም ልጅ እንዲህ ሜዳ ላይ አይቀርም ብለህ ውሃ አስቀዳህ። እጅህ በድንጋይ ተሰነጣጥቆ እየደማ አጥንቱን አንድ በአንድ አጠብከው፤ በአቡጀዲ ከፈንከው። ከዚያ ጌታቸው ፊቱ ወደ ምሥራቅ ይሁን አለ፤ አንተ ወደ ቂብላ አልክ። «እስላም መሆኑን ማን ነገረህ?» «አንተስ ሲጠመቅ አይተኸዋል?» ስትባባሉ ዋላችሁ። በመጨረሻ እንደተገኘው ይተኛ ብላችሁ ቀበራችሁት። እቤት ገብተህ ስትነግረኝ በሳቅ ወሬውን መጨረስ አቅቶህ ነበር። የላሟን አጥንት ማንም አልነካውም።

አንተ ከሞትክ በኋላ ተመራማሪዎች መጡ። ቦታውን ያሳያቸው ጌታቸው ነው። ከላሟም ወሰዱ፤ የሰውየውን ቆፍረው ከጆሮ ጀርባ ያለውን ጠንካራ አጥንት ወሰዱ፤ ዲኤንኤ ከሌላው አጥንት ይልቅ እዚያ ብዙ ዘመን ይቆያል አሉ። የጥንቱ ሰው ከማን እንደተወለደ፣ ከብቱንም ከየት እንዳመጣ እናነብበታለን አሉ። መታጠቡን ጌታቸው አልነገራቸውም። የሚነገር ነገር አልመሰለውም፤ ሳይታጠብ የሚቀበር ማን አለ?

ከመካከላቸው አንዷ፣ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ተመልሳ መጣች። የላሟ አጥንት ጥሩ ሆኖ ተነቧል። ከሰውየው ግን የራሱ የሆነ ምንም አልተገኘም፤ የተገኘው የዛሬ ሰው ዲኤንኤ ነው። አጥንቱን የነካ ሁሉ ምራቁን እንዲሰጥ ለመነች። ጌታቸው ሰጠ። በአንተ ፋንታ ከድጃ ሰጠች፤ ያኔ ገና ቪዛዋን ትጠብቅ ነበር።

ተመራማሪዋ ውጤቱን ይዛ ስትመጣ ከድጃ ጅዳ ሄዳለች። «ቲቸር፣ የባለቤትዎ ነው» አለችኝ። የእጅህ ደም ከውሃው ጋር አጥንቱ ውስጥ ሰርጿል። እነሱ ብክለት ይሉታል። ጌታቸው «ላሚቱ ሳትታጠብ ቀርታ እሷ ምስክር ሆነች በሉኛ!» ብሎ ሳቀ። ወዲያው ፊቱን አዞረ።

እኔ የጠየቅኳት አሁንም አለበት ወይ ብዬ ነው። ጥቂት አይጠፋም አለች። ተሰርስሮ የተረፈውን ወደነበረበት እንድንመልሰው ይዛው መጥታ ነበር።

ሼሁ መጡ። አጥንቱ የሌላ ሰው ነው፤ የሰይድ ቀብር አይባልም አሉ። ልክ ናቸው። ከመቀበሩ በፊት ግን እንደገና ይታጠብ ሲሉ እምቢ አልኩ። ካጠብነው ካንተ የቀረው እሱም ይሄዳል። ወንዙ የወሰደው ይበቃል። ሽማግሌ ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም ነበር፤ አደረግኩ። «የሰው አካል ነው፣ ክብሩ ነው፤ አንቺ ምን አገባሽ?» አሉኝ። ሚስቱ ነኝ አልኩ። የማን ሚስት ብለው አልጠየቁኝም። ኃጢአቱ በአንቺ ይሁን አሉ፤ ይሁን አልኩ።

እንደመጣ ተቀበረ። እናትህን ጌታቸው ደግፎ አመጣቸው። ሰይድ ነው አላልኳቸውም፤ አይደለም ብዬም አላረምኳቸውም። አፈሩን በመዳፋቸው ሲዳብሱ ቆዩና «ታጥቧል?» አሉ። ታጥቧል አልኳቸው። አልዋሸሁም፤ አንተ አጥበኸዋል። እሳቸውም አብሽሪ ብለው ትከሻዬን ያዙ።

ሐሙስ ሐሙስ እሄዳለሁ። እግሬ እስኪከዳኝ እሄዳለሁ። ለዚያ ሰው ዱዓ ሳደርግ የምጠራለት ስም ስለሌለኝ ያንተን እጠራለሁ። ይህን ሁሉ ዘመን ማንም ያልጠራው ሰው ነው፤ ቅር አይለውም።

ሚስትህ