ሦስት ንጉሥ በአምስት ሽንብራ

ኅዳር 1/99፣ ዓርብ፣ ጠዋት 4 ሰዓት

ደብተር ሆይ፣ ተነሥተህ ቁም። የግራ እግሬ ካልሲ ለአራት ክረምት በታማኝነት ካገለገለ በኋላ፣ ዛሬ ደረጃ ስጠርግ በአውራ ጣቴ በኩል ከዚህ ዓለም ተለየ። ቀብር የለውም። መወልወያ ሆኗል።

ሌላ ወሬ። የሕንጻው ባለቤት አቡ ኸሊል ጣሪያ ላይ ያለችውን ክፍሌን ለርግቦቹ ሊያደርጋት ነው። እኔ፣ አሥራ አንድ ዓመት የጠበቅኩለት ሐሪስ፣ ማለት ዘበኛው፣ ደረጃው ሥር ከውሃ ሞተሩ ጎን እገባለሁ። ለአንድ ሰው ይበቃል አለ። ራሔልስ? የልጄ ልጅ ናት፤ እዚሁ አማን ከተማ፣ ጀበል አማን የሚባለው ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች፣ እዚያው ታድራለች። ዓርብ ብቻ ትወጣለች። ትመጣና በሩን ዘግታ ትተኛለች፣ ማንም አይጠራትም። እንዲህ የምትተኛበት ሌላ ቦታ የላትም። አሁንም ተኝታለች። አልነገርኳትም።

ኅዳር 4፣ ሰኞ፣ ከሰዓት

ካርታ። አቡ ኸ.፣ ምድር ቤት ያለው ልብስ ሰፊ አቡ ሰሚር፣ እኔ። ፖከር ነው፤ ገንዘብ ሐራም ስለሆነ በተቆላ ሽንብራ። ርግቦችህ ኪራይ በወር ነው በሳምንት የሚከፍሉህ ብዬ ነካካሁት። ሳቀ። ሲስቅ ጊዜ፣ ክፍሏን እንጫወትባት አልኩት። «የላ ያ ኸትያር፣ ሐሙስ!» አለኝ፤ በል እንግዲህ አንተ ሽማግሌ ማለቱ ነው። ካሸነፍኩ ክፍሏ የኔ፤ ከተሸነፍኩ ትንፍሽ ሳልል እወርዳለሁ። ሐራም መሆኑን ማንም አላነሣም።

ኅዳር 5፣ ማክሰኞ

ስሌት። ሰሚር ፈሪ ነው፤ ሁለት ሽንብራም አስይዝ ሃያ፣ ካርታውን ጥሎ ይወጣል። ኸ. ጥሎ አያውቅም፤ የሽንብራ ክምሩን እየቆረጠመ እስከ መጨረሻው ይከተላል። እኔ ደግሞ ቀልደኛ ነኝ፣ የማይረባ ካርታ፣ ባዶ እጅ፣ ይዤ ሠላሳ አስይዛለሁ፣ ስለዚህ አይታመኑኝም። ሐሙስ እንግዲህ ዲያቆን እሆናለሁ። ዝም። መጣል፣ መጣል፣ ትንሽ ትንሽ ማስያዝ። ከዚያ አንዴ ክምሩን ሁሉ ብገፋ ያምነኝ ይሆናል።

ተስፋ አለህ ወይ ትለኛለህ። የለኝም። ሌላ ዘዴም የለኝ።

ኅዳር 7፣ ሐሙስ፣ 11 ሰዓት

አለቀ።

ሰሚር ካርታ አደለ፣ እኔና ኸ. ተጫወትን። አንድ ሰዓት ሙሉ ዲያቆን ሆንኩ። ሦስት ንጉሥ መጣልኝ። ሦስት! ዲያቆንነቴ እንዳይበላሽ ብዬ አምስት ሽንብራ አስያዝኩ። ኸ. አምስቷን ከፈለ። ሃምሳ ብል ሃምሳ ይከፍል ነበር፣ እኔ ሽማግሌው ጅል!

ከዚያ ባዶ እጅ መጣ። አሁን ነው አልኩ። ክምሩን ገፋሁ። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም፤ ልየው አለ፣ በሁለት ሰባት ጠራርጎ ወሰደኝ። ይሄን ሁሉ ስገፋ አልፈራህም ወይ አልኩት። «የምጥለው ከሆነ ለምን እጫወታለሁ?» አለኝ ከልቡ ገርሞት።

ያን ሁሉ ዲያቆንነት አላየውም። ሰሚርን ቢሆን አባርረው ነበር። ለኸ. ግን ባዶ እጅ ሲመጣ መተው፣ ንጉሥ ሲመጣ መከመር ነበር። አሥራ አንድ ዓመት አብሬው ተቀምጫለሁ፤ ያንን ሳላውቅ አይደለም። የራሴን ፊት ሳሳምር እሱን ረሳሁት።

ኅዳር 8፣ ዓርብ

ራ. መጣች። ነገርኳት። ርግብ በላዬ ተሾመብኝ ብዬ ጀመርኩ።

«በካርታ? አባባ፣ በካርታ?»

ከዚያ ሳቀች፣ ሆዷን ይዛ። ዓርብ ዓርብ እንግዲህ ማዳም ጋ እቀራለሁ፣ የሚተኮስ ክምር ልብስም አለ አለች። የኔን ዕቃ በሁለት ምልልስ አወረድን። ፍራሹ ደረጃው ሥር አልገባም፤ አጥፈን ግድግዳ አስደገፍነው። እሷ ከተቀመጠች እኔ መቆም ነበረብኝ። ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ታክሲ አስቆመች።

ደብተር፣ አንተን መዋሸት ምን ይጠቅመኛል። ሳቀች ያልኩት የኔ ፈጠራ ነው። ሌላው እንዳለ ነው።