ከክንዷ የተቀዳው ደም

ለውድ እህቴ ለዙሁራ፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? ወገብሽን የሚይዝሽ ነገር ለቀቀሽ? ሙስካት ሙቀቱ በርትቷል ሲሉ ሰምቼ ሐሳቤ ካንቺ አልጠፋም። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለን የለም።

የጎረቤታችን የእማማ ሪዚኪ ጉልበት ተሽሏቸዋል፤ ያለ ምርኩዝ ባሕሩ ዳር ወርደው ዓሣ ይመርጣሉ፣ ከሻጮቹም ጋር እንደ ድሮው ይጨቃጨቃሉ። የልጅ ልጃቸውም ድክ ድክ ማለት ጀምራለች።

አሁን ወደ ልጅሽ ወደ ሳልሃ ልምጣ። ይህን ስጽፍ እግሬ ሥር ተቀምጣ የኮኮናት ቅርፊት በአሸዋ እየሞላች ነው፤ ስለዚህ ልብሽን አሳርፈሽ አንብቢ።

ባለፈው ሰሞን ትኩሳት ያዛት። ገላዋ እንደ ፍም ይፋጃል። ገንፎም ውሃም እምቢ አለች። ከዚያ ዓይኗን ገልብጣ ተንዘፈዘፈች። እማማ ሪዚኪ ጩኸቴን ሰምተው አጥር ሊዘሉ ምንም አልቀራቸው። «ደጌደጌ ነው! ልጅ የምታንዘፈዝፈዋ ወፍ በጣራችሁ ላይ አልፋለች፤ የዝሆን እበት አጭሱላት። መርፌ ግን እንዳታስነኳት፤ ደጌደጌ የያዘው ልጅ መርፌ ከነካው አይተርፍም» አሉ። እኔና አንቺም በዚሁ ቃል አይደል ያደግነው? አጨስንላት። አልበረደላትም። አዝያት ወደ ሆስፒታል ሮጥኩ፤ እማማም ከኋላዬ።

ጣቷን ወግተው «ወባ የለባትም» አሉ። ጣት መውጋቱን እማማ እንደ መርፌ አይቆጥሩትም፤ «እሾህም ይወጋል» ይላሉ። ውጤቱን ሲሰሙ ግን «አላልኩም? ወባ ካልሆነማ ወፏ ናት! ነይ ወደ ቤት» ብለው ቀሚሴን ጎተቱኝ። ወጣቷ ዶክተር ደግሞ «ወባ የለም ማለት በሽታ የለም ማለት አይደለም እናቴ፤ ከክንዷ ደም ልቅዳ» አለችኝ። አንቺ ዘንድ ደወልኩ፣ ስልክሽ ዝግ ነው። አንድ ነገር ብትሆንብኝ በምን ዓይኔ አይሻለሁ? 

ዶክተሯ እጄ ላይ የደረቀውን ሊጥ አይታ ምን እንደምሠራ ጠየቀችኝ። ማንዳዚ እየጠበስኩ እሸጣለሁ አልኳት። «እርሾሽ ሕይወት እንዳለው በምን ታውቂያለሽ?» አለችኝ። «ሙቀት ውስጥ አቆየዋለሁ፤ ካለው ይነሳል።» «እኛም ደሙን በጠርሙስ አድርገን ሙቀት ውስጥ እናቆየዋለን፤ ባክቴሪያ ካለበት ያድግና እናየዋለን። እስከዚያ ደግሞ ቶሎ የሚደርስ ሌላ የደም ምርመራ አለ» አለች። ይሄ ገባኝ። «ቅጂ!» አልኳት። እማማ ፊታቸውን በካንጋ ኩታቸው ሸፈኑ።

ቶሎ የሚደርሰው ምርመራ ከባድ ኢንፌክሽን ሳይሆን አይቀርም አለ። ጠርሙሱን ሳይጠብቁ መድኃኒቱን በደም ሥሯ ጀመሩላት፤ ያውም በመርፌ! እማማ አልጋዋ ሥር ዱዓ ሲያደርጉ ዋሉ። በማግስቱ ትኩሳቱ ጋብ አለ። ቆይቶ ጠርሙሱም እውነቱን አወጣ፤ ባክቴሪያው ደሟ ውስጥ ነበር። ሳልሃ ነቃ ስትል መጀመሪያ የጠየቀችው ማንዳዚ ነው። የማን ልጅ መሰለችሽ!

ባለቤቴ ሾማሪ ሰላም ብሎሻል፤ «መረብ ስጠግን ልጅሽ ትረዳኛለች፤ ያለ እሷ ግን ቶሎ እጨርስ ነበር» ይላል። ልጄ ምዋንቱሙ ጉንጭሽን ስማለች። አብራሽ የምትሠራዋን ልጅ ሰላም በይልኝ።

ደብዳቤውን ልዘጋ ስል እማማ ሪዚኪ መጡ። የልጅ ልጃቸውን በካንጋ አዝለዋል፤ ትኩሳት ይዟታል። ገና ከደጃፉ «ያቺ ዶክተርሽ ዛሬ አለች? ተነሽ፣ አብረሽኝ ሂጂ። ጣቷን ብቻ ወግተው እንዳይሸኙን፤ ከክንዷም ይቅዱ በያቸው!» አሉኝ።

እህትሽ ምዋናሂጃ
ፓንጋኒ፣ ሰኔ 14 ቀን 2016 እ.ኤ.አ.