ቅጹ ላይ ቦታ የለውም

ውድ ታናሼ፣

ሐሙስ ዕለት አንተን ከአመክሮ ጉባኤው ካስወጡህ በኋላ ምን እንደተባለ በሽቦው በኩል ስትጠይቀኝ እንባ እንጂ ቃል አልወጣኝም። ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፍልህ ብዬ ተቀመጥኩ። ይህን ደብዳቤ ከአንተ በፊት ጠባቂ እንደሚያነበው አውቃለሁ። ያንብበው።

መጀመሪያ ግን ልናዘዝልህ። በታሰርክባቸው አራት ዓመታት የመጣሁት ሦስቴ ብቻ ነው። እማዬ በየሳምንቱ ስትመላለስ እኔ ሥራ አለብኝ እል ነበር። ሥራ አልነበረብኝም፤ ያፈርኩ ነበርኩ። በትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት አብረውኝ ለሚሠሩት "ወንድሜ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቷል" ብያቸው ነበር። በጠብ መሃል የሰው ዓይን ያጠፋ ወንድም አለኝ ማለት ከበደኝ። ያጠፋኸው አንተ ነህ፤ ሰውየው ዛሬም በአንድ ዓይኑ ነው የሚያየው። የመጀመሪያውን እስራትህን ፍርድ እለዋለሁ፤ አንተም "ይገባኛል" ብለህ ነው የገባኸው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሁለተኛው ነው።

በአመክሮ ስትወጣ እጅህ ላይ ሙያ ነበረህ። እውነቱን ለመናገር፣ ማረሚያ ቤቱ በር ላይ "ሰው እናንጻለን" ብለው የጻፉትን ሳነብ በሽሙጥ ፈገግ እል ነበር። ግን ብየዳ አስተምረውህ ነበር። የብረታ ብረት ቤቱ ባለቤት ጋሼ "ይሄ ልጅ ሲበይድ መጋጠሚያው የት እንደሆነ አይታወቅም" ሲል ሰምቼ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ለአንተ ግን አልነገርኩህም። ማክሰኞና ዓርብ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት፣ ክትትል ቢሮ ትፈርማለህ፤ ከዚያ እየሮጥክ ሥራ ትገባለህ። አሥራ አንድ ወር አንድም ቀን አላጓደልክም።

ከዚያ ያ ማክሰኞ መጣ። እማዬ ልብስ ልታሰጣ ወጥታ በረንዳው ላይ ወደቀች፤ አፏ ተጣመመ፣ ቀኝ እጇ አልታዘዝ አላት። እኔ ሥራ ገብቻለሁ፣ ቤት ያለኸው አንተ ብቻ ነህ። ተሸክመሃት ሐኪም ቤት ደረስክ። ከኮሪደሩ ሆነህ ለክትትል ሠራተኛው ስትደውል "ችግር የለም፣ እናትህን አስታም፣ የሐኪም ወረቀት ይዘህ ና" አለህ። ዓርብም ከአልጋዋ ሥር አልተነሳህም። በቀጣዩ ማክሰኞ ወረቀቱን ይዘህ ስትሄድ "ማኅተም የለውም" ብለው መለሱህ። ሐኪም ቤት ስትመለስ ማኅተም የያዘችው ሴትዮ ፈቃድ ላይ ናት ተባልክ። ረቡዕ ፖሊሶች ጋሼ ግቢ ድረስ መጥተው፣ የብየዳ መነጽርህን እንኳ ሳታወልቅ፣ በር እየሠራህ ሳለ ወሰዱህ።

እኔም የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ማኅተም የሌለው ወረቀት ይዘው የመጡ ስንት ወላጆችን "አስተካክላችሁ ኑ" ብዬ መልሻለሁ። አንዳቸውንም ግን አላሳሰርኩም።

ክትትል ቢሮ ሄድኩ። ሠራተኛው ወጣት ነው፤ እንቅልፍ ያጣ ፊት አለው፣ ፋይሉ ጠረጴዛው ላይ እስከ አገጩ ተከምሯል።

"ደውሎልህ ነበር ወይስ አልደወለም?" አልኩት።

"ደውሏል።"

"ታዲያ የት ጻፍከው?"

"እህቴ፣ ቅጹ 'ፈርሟል'ና 'አልፈረመም' ብቻ ነው የሚለው። ለስልክ ቦታ የለውም። መቶ ሰማንያ ሰው ነው የምከታተለው። ሁለቴ 'አልፈረመም' ካልኩ ቀሪው በራሱ ይሄዳል።"

"እግር አለው እንዴ በራሱ የሚሄደው? ሰው ነው የሚልከው።"

አቀረቀረ። ላዝንለት ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም። "ይህንኑ ጉባኤው ፊት ትናገራለህ?" ስለው "ከጠየቁኝ" አለ።

ከጠየቁኝ! ለዚህ ጥያቄ ሰባት ሳምንት ጠበቅን።

ሐሙስ አንተን ካስወጡህ በኋላ ሰብሳቢው ፋይሉን ሊዘጋ ሲል ተነሳሁ።

"እርስዎ ማን ነዎት?"

"እህቱ ነኝ" አልኩ። ይህችን ቃል ከአንደበቴ ለማውጣት ዓመታት ፈጅቶብኛል። "እባክዎ ሠራተኛውን ይጠይቁልኝ፤ ወንድሜ ደውሎ ነበር ወይ?"

ጠየቁት። "ደውሏል" አለ፣ ሳያመነታ። "ለምን አልተመዘገበም?" ሲሉት ለእኔ ያለኝን ደገመው። ሰብሳቢው ቅጹን አነሱ፣ አገላበጡ፣ አጠገባቸው ላለችው ሰጧት፤ እሷም ለሚቀጥለው። አራቱም ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚያዩት ተቀባበሉት። በዚያች ወረቀት ስንት ሰው መልሰው እንዳስገቡ እያሰብኩ ተቀመጥኩ።

ሰኞ ትወጣለህ። ይህ ነው ውሳኔው። ግን ማንም ይቅርታ አላለም። ፋይልህ ላይ "ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶታል" ተብሎ ይቀራል፤ ለምኑ እንደሆነ ስጠይቅ "አሠራሩ ነው" ተባልኩ። እንደ ዋስህ እንድፈርም የሰጡኝም ወረቀት "ግዴታውን ባለመወጣቱ" ይላል። ፈረምኩ፤ ላስወጣህ ስለሆነ። ከፊርማዬ ሥር ግን "በዕለቱ በስልክ አስታውቋል" ብዬ በእጄ ጻፍኩበት። ጸሐፊዋ "ይሄ አይፈቀድም" አለችኝ። "የሚፈቀድ ቢሆንማ ወንድሜ እዚህ ምን ያደርግ ነበር?" አልኳት። ወረቀቱን ተቀበለችኝ።

አልዋሽህም፤ ጋሼ ሥራ በዝቶበት ሌላ በያጅ ቀጥሯል። "ይምጣ፣ እናያለን" ብሏል። "እናያለን" ምን ማለት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ከአንተ የወሰዱት ሰባት ሳምንት ብቻ አይደለም። እማዬ ግን በምርኩዝ መሄድ ጀምራለች፤ ስትናገርም ቀስ ብሎ ያዳመጣት ይሰማታል።

ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ ታገኘኛለህ። በማግስቱ የፊርማህ ቀን ነው፤ አብረን እንሄዳለን። ስትፈርም ቀኑንና ሰዓቱን በራሴ ደብተር እጽፋለሁ፣ ያ ሠራተኛም ከሥሩ ይፈርምልኛል። ካልፈረመ ከዚያ ቢሮ ንቅንቅ አልልም።

መታረም ገና የሚቀራት
ታላቅ እህትህ