ቅሬታ አልቀረበም

ይድረስ ለእታለም፣

እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽ፣ ልጆችሽ፣ ያ የማይለቅሽ የወገብ ሕመምሽስ እንዴት ነው? እኛ አባባን ከማጣታችን በቀር ደህና ነን። እማዬ ቀና ማለት ጀምራለች፤ ትናንት ሚስቴን ጨው አበዛሽ ብላ ስትቆጣት ደስ አለን።

ባለፈው ደብዳቤሽ፣ አንተ የጤና መድን ኮሚቴ ጸሐፊ ሆነህ አባባ እንዴት መድኃኒት አጥተው ይሞታሉ ብለሽኛል። ልመልስልሽ ሦስቴ ተቀምጬ ሦስቴም ተነሳሁ። ዛሬ እውነቱን ልንገርሽ።

ኮሚቴያችን በወር አንዴ፣ ሰው ሁሉ ሥራ ላይ በሚሆንበት ሰዓት፣ ጤና ጣቢያው ፎቅ ላይ በር ዘግቶ ነበር የሚሰበሰበው። ሊቀመንበሩ ቅሬታ አለ ወይ ይላሉ፤ እርስ በርስ እንተያያለን፤ እኔም አባባ በሚኮሩበት በዚያ የእጅ ጽሑፌ «ቅሬታ አልቀረበም» ብዬ አሰፍራለሁ። ከእኛ በቀር ማንም በሌለበት ማን ያቅርብ?

ከቀብሩ በኋላ ፀጉር አስተካካያቸው ነገረኝ። የደም ግፊት ክኒናቸው አልቆ፣ ከመድኃኒት ቤቱ መስኮት ሦስት ቀን «የለም፣ ሌላ ጊዜ ይምጡ» ተብለው ተመልሰዋል። አንዲት ቁልፍ ጎደለች ብለው ከነጋዴ ጋር ግማሽ ቀን የሚሟገቱት ልብስ ሰፊ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያሉ ያሳደጉን ሰው፣ ሆድ ይፍጀው ብለው ዝም አሉ። ለልጅዎ ለምን አይነግሩትም ሲላቸው፣ «ልጄ እኮ ኮሚቴ ነው፤ በሰው ፊት አላሳጣውም» አሉት።

መዝገቡን ገልጬ አየሁት፣ እታለም። ሦስተኛው ቀን የስብሰባችን ቀን ነበር። እሳቸው ታች ከመስኮቱ ሲመለሱ፣ እኔ ላይ ሆኜ ያችኑ ቃል እጽፍ ነበር።

ያንን ገጽ ለኮሚቴው አነበብኩት። አባባ ያን ቀን ታች መስኮቱ ላይ እንደነበሩም ነገርኳቸው። ከዚያ ወዲህ ስብሰባው ታች ወርዷል፤ በሕክምና ቀን ከወረፋተኛው ጋር አግዳሚው ላይ እንቀመጣለን። መጀመሪያ ሰው አፈረን። ባለፈው ሳምንት ግን አንዲት ልብስ አጣቢ፣ እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ ብላ ጀመረች፤ ወረፋው ሁሉ ተከተላት፤ እጄ እስኪዝል ጻፍኩ። ዛሬ የአባባ ክኒን ገባ። መስኮቱ ላይ ተደርድሮ ሳየው ወጥቼ አለቀስኩ።

ባለቤትሽን በጣም ናፍቄዋለሁ በይልኝ። ትልቋን በርቺ በያት፤ ጥርሱ የወለቀውን ጉንጩን ሳሚልኝ። እማዬ ይህን ሁሉ ታውቃለች፤ እሷም ስማሻለች። አንቺም ተቆጪኝ፣ ስደቢኝ፤ ብቻ እንደ አባባ ዝም አትበይኝ።

ወንድምሽ

ከመድኃኒት ቤቱ መስኮት ፊት ለፊት፣ አግዳሚው ላይ
ሐሙስ፣ ወሩ በገባ በአምስተኛው ቀን